በቀን አንድ ቁጥር

ተረቱ ሁሉ ክፉዋ የእንጀራ እናት ናት ይላል። በእኛ ቤት ክፉዋ የእንጀራ ልጅ ነበረች። ይህን የምናገረው ራሴን ዝቅ አድርጌ ምስጋና ለመልቀም አይደለም። ትሕትና ያኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ኖሮኝ ቢሆን ለሰው ይጠቅም ነበር፤ አሁን ለማንም አይረባም።

ሱቃችን ሆሳዕና ገበያው ጥግ ላይ ነበር። አባቴ በጉርምስናው ከጉራጌ አገር ወጥቶ፣ ጨውና ላምባ፣ አቡጀዲና ምስማር እየቸረቸረ ቤት የሠራ ሰው ነው። ጾም አይገድፍም፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም ሱቁን አይከፍትም፣ ፊደል ግን አልቆጠረም። ፊደል ባይቆጥርም አንዴ የሰማውን አይረሳም ነበር። ማን በማን ፊት ምን ብሎ እንደማለ፣ በየትኛው የገበያ ቀን ዝናብ እንደጣለ፣ ቄሱ ካቻምና ሲሰብኩ ያሉትን ሳይቀር ጭንቅላቱ ውስጥ አስቀምጦ ይኖር ነበር።

እናቴ የሞተችው አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። ሐዘኑ ሳይወጣ አንድ መንገደኛ መነኩሴ እኛ ቤት ሰነበቱና አባቴን «የመጽሐፍ ቃል ጥሬ ነው፤ ሳያኝኩ ከዋጡት ሆድ ይነፋል እንጂ ሰውነት አይሆንም» አሉት። አባቴ ምክር ከሰማ እስከ ጥጉ ነው። ትልቁን አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከአዲስ አበባ አስመጣና፣ ሁዳዴ ሲገባ በቤታችን በቀን አንድ ቁጥር ብቻ እንዲነበብ ደነገገ። ሁለተኛዋን መመኘት ሆዳምነት ነው ይል ነበር።

አንባቢዋ እኔ ነበርኩ፤ በቤቱ ፊደል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝና። ከትምህርት ቤት በሰባት ሰዓት እመለሳለሁ። ስምንት ተኩል ሲሆን አባቴ የሱቁን በር ገርበብ ያደርግና ከጀርባ ወዳለው ክፍል ይገባል። ቁጥሯን ሦስት ጊዜ አነባለሁ፤ አንደኛው ለጆሮ፣ ሁለተኛው ለልብ፣ ሦስተኛው ለሆድ። ከዚያ ዝም እንላለን። ዝምታው መቼ እንደሚያበቃ የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነው። ሲያበቃ ተራ በተራ «የቱ ቃል ያዘሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ምንም አልያዘኝም ማለት አይቻልም። ለይስሙላ የመለሰ ይንበረከክና ቁጥሯ እንደገና ሦስት ጊዜ ትነበባለች። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ ሽሮው ቀዝቅዞ፣ ቆጮው ደርቆ፣ እኛ አንዲት ቁጥር እናመነዥካለን። አባቴ ሲርበው ፊቱ ይበራ ነበር። እኔ ሲርበኝ ሰው መንከስ ያምረኛል።

የመጀመሪያውን ሁዳዴ ማቴዎስን ጀመርን። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ስላለ አናነብም፤ በሌላው ቀን ግን እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌም እገሌን ወለደ እያልን አሥራ ሰባት ቀን የትውልድ ሐረግ አኘክን። «ወለደ የሚለው ያዘኝ» እያልኩ ሦስት ቀን አመለጥኩ፤ በአራተኛው ተንበረከክሁ። ፋሲካ ሲደርስ ዮሴፍ ሕፃኑን ይዞ ገና ናዝሬት አልገባም ነበር። በዚያ የወንዶች ስም መሀል አባቴን ያስቆመው አንድ የሴት ስም ነበር፤ ሩት። ማን እንደሆነች ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልኩት። የንስሐ አባታችንን ሲጠይቅ «የባዕድ አገር ሴት ናት፤ የራሷ መጽሐፍ አላት፤ ጌታችን ከእሷ ዘር ነው የተወለደው» ብለው መለሱለት። በዚህ ተገርሞ ለደንበኛው ሁሉ ሲያወራ ሰነበተ።

ከዚያ ፋሲካ በኋላ አገባ። ያገባት ከጃጁራ በኩል የመጣች የሀዲያ ልጅ ናት፤ ከእኔ በስምንት ዓመት ብትበልጥ ነው። አባቴ ሽማግሌ ሲልክ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የሚሽን ደጅ ረግጣ ታውቃለች ወይ?» አለ። ሚሽን ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ሃይማኖቱን አውልቆ ይወጣል ብሎ ያምን ነበር። ሽማግሌዎቹ ረግጣ አታውቅም ብለው ማሉ። ክርስትና ተነሣችና በሽማግሌ ተጋቡ፤ አልቆረቡም።

እኔን አንድም ቀን ክፉ አልተናገረችኝም። ፀጉሬን ልትሠራልኝ ስትል ማበጠሪያውን ከእጇ ቀምቼ ደጅ ወረወርኩት፤ ወጥታ አንሥታ አጥባ አስቀመጠችው። ሰው ፊት እትዬ እላታለሁ፤ ሰው ከሌለ «አንቺ» ነበር ስሟ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ አንዳንዴ ምላሷ ይስትና አባቴን «መጣች»፣ እኔን ደግሞ «መጣ» ትል ነበር። ይህን ለሱቅ ደንበኞች በእሷ ድምፅ እየደገምኩ አስቅባቸዋለሁ። ሰው አብሮ ሲስቅ ደግሞ ክፋት ጨዋታ ይመስላል።

በገባች በዓመቱ ከእኛ ጋር ይኖር የነበረው የአባቴ ታናሽ ወንድም ታሞ ሞተ። አልቃሾች ገና ከድንኳኑ ሳይወጡ «ገደ ቢስ ናት» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። አባቴ ሰማ። እኔ ደግሞ ሰምቼ አስቀመጥኩት።

በሦስተኛው ሁዳዴ ዋዜማ አባቴ «ማቴዎስ ይቆየን። ያቺን ሴት አውጪልኝ፣ ሩትን» አለኝ። እኔ ሆዳም ነኝና በማግስቱ ጠዋት አራቱንም ምዕራፍ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። አናደደኝ። ሰውዬው ከነቤተሰቡ ባዕድ አገር ይሄዳል፤ ልጆቹ የዚያን አገር ሴቶች ያገባሉ፤ ወንዶቹ ሁሉ ይሞታሉ። ከምራቶቹ አንዷ ወደ ወገኖቿ ትመለሳለች። ሩት ግን አሮጊቷን አማቷን አልለቅም ብላ ተከትላ ትሄዳለች፣ አገር ምድሩ ይወዳታል፣ በመጨረሻም የነገሥታት እናት ትሆናለች። መጽሐፉ ለእንጀራ እናቴ የቆመ ጠበቃ መሰለኝ። አባቴ ይህን በቀን አንድ አንድ ቁጥር እያኘከ ፋሲካ ሲደርስ ከእሷ ጋር ምን ያህል ሊፋቀር እንደሚችል ታየኝ። ቤቱ የእናቴ ነበር። እንድትወጣ ፈለግሁ፤ የፈለግሁት ይኸው ነው።

እስከ አራተኛዋ ቁጥር እንደተጻፈው አነበብኩ። አምስተኛዋ ሁለቱ ልጆች መሞታቸውን ትናገራለች። ዓርብ ነበር። እዚያ ላይ ስደርስ ዓይኔን ከገጹ ሳላነሣ «ከባዕድ ሕዝብ ሚስት ስላገቡ ቁጣ በቤቱ ላይ ወረደ» ብዬ ጨመርኩበት። ሁለተኛ አነበብኩት፤ ሦስተኛም አነበብኩት። በሩጫ ቢነበብ አንዱ ቃል በሌላው ተሸፍኖ ያልፍ ነበር። በእኛ ቤት ግን ውሸቴ ብቻዋን መሀል ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ሦስታችንም በባዶ ሆዳችን ከበን አየናት።

አባቴ መጀመሪያ የጠየቀው እሷን ነበር። የያዛት ቃል የቱ እንደሆነ ስትጠየቅ ብዙ ቆይታ «ሞቱ የሚለው» አለች። እኔም «ሞቱ የሚለው» አልኩ። አባቴ ለራሱ «ቁጣ» አለና ተነሣ። የዚያን ቀን ምግቡ ለብቻው እንዲቀርብለት አደረገ። ከዚያ ወዲያ ከእሷ ጋር ከአንድ ገበታ አልቆረሰም፤ ስናነብ ደግሞ በርጩማዋ ተነሥቶ ተንበርክካ እንድትሰማ አዘዘ። ጉልበቷ ሥር ምንጣፍ አልነበረም። እኔ ከዚያች ቀን ጀምሮ ቀስ ብዬ ማንበብን ወደድኩት። ነጠላ ሰረዝ ላይ ሁሉ እተነፍስ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን አስተማሪ ቀርቶ ቀደም ብዬ ተመለስኩ። አባቴ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ይዞታል። ወደ ኋላ ስገባ እንጀራ እናቴ መጽሐፉን ከፍታ ጎንበስ ብላለች፤ ጣቷ በመስመሩ ላይ ይሄዳል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምታነበው እኛ ገና ያልደረስንበትን ሦስተኛውን ምዕራፍ ነበር። ስታየኝ አልዘጋችውም።

«ማንበብ ትችያለሽ» አልኳት።

«ለአባትሽ አትንገሪ» አለች። ልጅ ሳለች ጃጁራ ሚሽን ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ተምራለች፤ ሽማግሌዎቹ ደብቀዋል፤ ቢታወቅ እነሱም እሷም ይዋረዳሉ። ይህን ሁሉ በተሰባበረ አማርኛዋ አስረዳችኝ።

«ታዲያ ዓርብ ያነበብኩትን ታውቂ ነበር?»

«አወቅሁ እንጂ። ልጅ ናት፣ ተናዳ ነው፣ ይወጣላታል አልኩ» አለችኝ። ቀጥላም «አሁን እንደተጻፈው አንብቢው። እኔም ዝም፣ አንቺም ዝም» አለች።

ሳስበው ከዚያ የሚሻል ውል በሕይወቴ ቀርቦልኝ አያውቅም። እኔ ግን «እንደፈለግሁ ነው የማነበው። አንድ ቃል ከተናገርሽ ሚሽኑን እናገራለሁ» አልኳት።

«ምን አደረግሁሽ?»

«እናቴ የተኛችበት ላይ ተኛሽ» አልኳት።

መጽሐፉን ዘጋችና ሽሮዋን ልታማስል ሄደች። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት እኔ የፈለግሁትን እየጨማመርኩ አነባለሁ፣ እሷ ተንበርክካ ትሰማለች፣ ስትጠየቅ ከውሸቴ ውስጥ አንድ ቃል መርጣ ያዘኝ ትላለች። ውሸት መሆኑን እያወቀች ከውሸቱ ለነፍሷ ስንቅ የምትመርጥ ሴት ማየት ያስደስተኝ ነበር። ደስታው ሆዴ ድረስ ይሰማኝ ነበር፤ ረሃቡን ሁሉ ያስረሳኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ አሥራ አራተኛዋ ቁጥር ደረሰች። ምራቶቹ የሚለያዩባት ቁጥር ናት። እኔ ግን ሁለቱንም አሰናበትኳቸው። «ሁለቱም አማታቸውን ስመው ወደ ወገኖቻቸው ተመለሱ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጣው ከቤቱ ራቀ» ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ደጅ ላይ ሁለት ጊዜ ደንበኛ ጠርቶ ሄደ።

በመጨረሻ ወደ እሷ ዞሮ «አንቺን የቱ ቃል ያዘሽ?» አላት።

«ያልተነበበው» አለች።

«ምን?»

«ያልተነበበው ቃል ነው የያዘኝ።»

ከተንበረከከችበት ተነሣች። መጣችና መጽሐፉን ከጭኔ ላይ ወሰደችው፤ እኔም ከድንጋጤ የተነሣ አልከለከልኳትም። እንደ ሚሽን ልጆች እያንዳንዷን ፊደል እየረገጠች ማንበብ ጀመረች። ስትናገር የሚሰናከለው አማርኛ ስታነብ አንድም ቦታ አልተሰናከለም። አንደኛዋ ምራት ስማ መሄዷን፣ ሩት ግን አማቷን አልለቅም ማለቷን፣ ሕዝብሽ ሕዝቤ ነው ማለቷን፣ ከሞት በቀር የሚለየን የለም ማለቷን አነበበች። በአንድ ቀን አራት ቁጥር። በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም።

አባቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ያያል። «ማናችሁ ናችሁ የምትዋሹት?» አለ።

«እሷ ናት» አልኩ። «ጃጁራ ሚሽን ነው የተማረችው። እነሱ በቃሏ ያስጠኗትን ነው የምትለው።»

«እውነት ነው?» አላት።

«እውነት ነው፤ እዚሁ ተጽፏል፣ ይዩት» ብላ ለማያነብ ሰው መጽሐፉን ዘረጋችለት።

«መጽሐፉን አይደለም። ሚሽን መማርሽን ነው የምጠይቅሽ።»

«ሦስት ዓመት ተምሬያለሁ» አለች።

«እንግዲያው ሽማግሌዎቹ ዋሽተውኛል» አለ። አልመታትም፣ አልጮኸም። ሽሮ አቅርቢ አላት፤ አቀረበች፤ ብቻውን በላ። በማግስቱ ጠዋት ልብሷን በአቡጀዲ ጠቅልላ እዚያው ከተማ ውስጥ ወዳለች የአክስቷ ልጅ ቤት ሄደች። ስትወጣ «ደኅና ሁን» አለችኝ እንደ ልማዷ እንደ ወንድ፤ በዚያ ቀን አልደገምኩትም።

ረቡዕ ስምንት ተኩል ላይ አባቴ እንደ ወትሮው መጥቶ ተቀመጠ። ለቀጣይዋ ቁጥር ያዘጋጀሁት ውሸት አልነበረኝም። «የሩት ታሪክ አለቀ» አልኩት። አራት ምዕራፍ ያለውን መጽሐፍ በአሥራ አራት ቁጥር ገደልኩት። «ካለቀ ማቴዎስን አውጪ» አለኝ። ያቆምንበትን ስፈልግ የመጀመሪያው ገጽ ተከፈተና ዓይኔ የትውልድ ሐረጉ ላይ አረፈ። ሩት እዚያ አለች። የነገሥታቱን አያት ወልዳ፣ ስሟ ተጽፎ፣ እዚያው ተቀምጣለች። ወደ አገሯ የተመለሰች ሴት እንዴት እዚህ ትገኛለች? ቄሱ የነገሩትን፣ አባቴ ለገበያተኛ ሁሉ ያወራውን እኔ ረስቼው ነበር። አባቴ ግን የሰማውን የማይረሳ ሰው ነው። ቀና ብዬ አየሁት። እሱም እያየኝ ነበር። «አንብቢ» አለኝ።

እንደዚያም ሆኖ ውሸቴን ማወቁን እርግጠኛ አልነበርኩም። ሐሙስ የንስሐ አባታችን መጡ። በሁዳዴ አንዴ ብቅ ብለው መባረክ ልማዳቸው ነው። በሌላ ጊዜ አባቴ መጽሐፉን በኩራት ጭናቸው ላይ አስቀምጦ የደረስንበትን ያስረዳቸዋል። ያን ቀን ድምፃቸውን ከሱቁ በር ላይ እንደሰማ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «መጽሐፉን ወደ ጓዳ አስገቢው» አለኝ። ከጤፉ ጆንያ ጀርባ አስቀመጥኩት። ቄሱ ገብተው ተቀመጡ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ገበያው ተጫወቱ፣ ባለቤቱ የት እንደሄደች ጠየቁት። ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች አላቸው። አንዲት ቁጥር ናት፤ ከፍተው ቢያነቡለት ሽሮው እስኪወጣ እንኳ አትቆይም ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ እሱም ያውቃል፣ እኔም ማወቁን አውቃለሁ፤ አባትና ልጅ ቄሱን በር ድረስ ሸኘናቸው። እሷን ያስወጣት ውሸቴ ነበር ብዬ ስኮራ ነበር። ለካ የሚፈልገውን ሰበብ ነው የሰጠሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችንም አንዳችን የአንዳችንን ፊት ሙሉ አይተን አናውቅም።

ቅዳሜ ወደ ጃጁራ በእግሯ መሄዷን ሰማን። አባቴ ሌላ አላገባም። እስኪሞት ድረስ በየሁዳዴው አነበብኩለት፤ እንደተጻፈው አነበብኩለት፤ አንድም ቃል አልጨመርኩም። የሩትን መጽሐፍ ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

ከሞተ በዓመቱ ፎንቆ አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። ዕድሜዬ ያኔ እሷ ከነበረችበት ደርሷል። አንድ የገበያ ቀን ይቅርታ ልጠይቃት ቆርጬ ጃጁራ ሄድኩ። አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የልብስ መኪና ይዛ አገኘኋት። አላገባችም። ቤተ ክርስቲያን ተጠምቃ ስለነበር የሚሽን ወገኖቿም እንደ ቀድሞው አልተቀበሏትም አሉ። አወቀችኝ፤ በርጩማ ሰጠችኝ። እትዬ ብዬ፣ እርስዎ ብዬ፣ እያነበብኩ የዋሸሁባትን አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። መኪናዋን ሳታቆም ሰማችኝ።

«አንቺን ያን ዕለት ይቅር ብያለሁ» አለችኝ። «ልጅ ነበርሽ። አባትሽ ደኅና ነው?»

ማረፉን ነገርኳት። እግሯ መርገጫው ላይ ቆመ።

«ከአክስቴ ልጅ ቤት ሦስት ቀን ጠበቅሁት» አለች። «ቤተ ክርስቲያኑ ከሱቃችሁ ቅርብ ነው። ቄሱን ይጠይቃል፣ እውነቱን ሰምቶ ይመጣል ብዬ በሩን ሳይ ነበር። እስቲ ንገሪኝ፤ ያን ሰሞን የንስሐ አባታችሁ ቤት አልመጡም ነበር?»

ጃጁራ ድረስ የሄድኩት እውነት ልናገር ነበር።

«አልመጡም» አልኳት። «ገጠር ወጥተው ሰነበቱ።»

«እኔም እንደሱ ይሆናል ብዬ ነበር» አለች። «ቢያገኛቸውማ ይጠይቃቸው ነበር።» የጨርቁን ጠርዝ አስተካከለች። «ይህ ነገር ስንት ዓመት ሲከነክነኝ ኖሯል። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብላ አመሰገነችኝ።